የትኛው ጭንቅላት ይሻላል? ለሁለት ጆሮ ቀረጻና ለድምፅ ጥራት ፍተሻ መሣሪያ ለሚመርጡ

ሰው ሠራሽ ጭንቅላት የሚባለው የድምፅ መሣሪያ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። አንደኛው ለአድማጭ የሚቀዳ ነው። ሰው የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ዓይኑን ሲጨፍን ቀረጻው በተሠራበት ቦታ የቆመ እስኪመስለው ድረስ ድምፁን ከነአቅጣጫው ያስቀምጣል። ሁለተኛው ለመለኪያ የተሠራ ነው፤ የስልክን፣ የጆሮ ማዳመጫን ወይም የመስሚያ መርጃን ጥራት በቁጥር ያወጣል። ሁለቱም የሰው ቅርጽና የጎማ ጆሮ ስላላቸው በፎቶግራፍ ሲታዩ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። የአንዱን ሥራ ከሌላው መጠበቅ ግን ብዙ ገንዘብ ያስወጣል፤ ውጤቱም አያረካም።

ስለዚህ ከባሕር ዳርም ሆነ ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላምም ሆነ ከእንጅባራ «የትኛውን ልግዛ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ ሌላ ጥያቄ ነው፦ መጨረሻ ላይ ሥራውን የሚረከበው ጆሮ ነው ወይስ ቁጥር? ጆሮ ከሆነ፣ እዚህ ጎጃም ካለን የቀረጻ ሥራ አብዛኛው ሙሉ ሰው ሠራሽ ጭንቅላት አያስፈልገውም ብዬ አምናለሁ። በዚያ ገንዘብ የተሻለ ነገር መሥራት ይቻላል። ቁጥር ከሆነ ደግሞ ደረጃው የታወቀ መለኪያ ከመግዛት ወይም ካለው ተቋም ጋር ከመሥራት ሌላ አቋራጭ የለም።

ጆሮ አቅጣጫን የሚያውቅባቸው ሦስት ምልክቶች

ከግራ የመጣ ድምፅ የግራውን ጆሮ ቀድሞ ይመታል፤ ወደ ቀኙ የሚደርሰው ጭንቅላትን ዞሮ ነው። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ቢበዛ 0.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ አንጎላችን ግን ይህን ለይቶ ያውቃል። ከ1,500 ኸርዝ (በሰከንድ 1,500 ንዝረት) በታች ላለው ወፍራም ድምፅ ዋናው የአቅጣጫ ምልክት ይህ የጊዜ ልዩነት ነው። ከዚያ በላይ ጭንቅላት ራሱ ጥላ ይጥላል፤ የሩቁ ጆሮ የሚሰማው የደከመ ድምፅ ይሆናል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ያስረዳው በ1907 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በዚህ ጽሑፍ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው። ሦስተኛው ምልክት ጆሯችን ላይ ያሉት እጥፋቶችና ስርጉዶች ናቸው። ከላይና ከታች፣ ከፊትና ከኋላ የመጣውን ከፍተኛ ድግግሞሽ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ፣ እያዛነቁ የአቅጣጫ ቀለም ይሰጡታል።

እያንዳንዱን መሣሪያ ሲመለከቱ ከሦስቱ ምልክቶች የትኞቹን እንደሚይዝ ይጠይቁ። የሻጭ ማስታወቂያ «እውነተኛ የሦስት ገጽታ ድምፅ» ከሚለው ይልቅ ይህ ጥያቄ ብዙ ያስረዳል።

ለምን ይህ ቀረጻ ለእኛ አገር ይገባል

የማኅሌት ሥርዓት በተፈጥሮው ሁለት ጎን አለው። መዘምራኑ በቅኔ ማኅሌቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የሚባሉት መዓርጋት ከዚሁ አቋቋም የመጡ ናቸው። ዜማው ከአንዱ ጎን ተነሥቶ ሌላው ይቀበለዋል፤ ጸናጽሉ በሁለቱም በኩል ይንሿሿል፤ ከበሮው በመካከል እየዞረ ይመታል። ይህን በአንድ ማይክሮፎን ሲቀዱት ማን አንሥቶ ማን እንደተቀበለ ይጠፋል፤ የሚቀረው የሕዝብ ድምፅ ብቻ ነው። በሁለት ጆሮ ሲቀዳ ግን ተቀባብሎው ራሱ ይሰማል፤ ዜማ የሚማር ልጅ ከቀረጻው ሥርዓቱን ጭምር ይማራል።

የቅኔ ጉባኤውም እንዲሁ ነው። እንደ ዋሸራና ጎንጅ ባሉ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ወግ የኔታ በመካከል ተቀምጠው ሲነግሩ ተማሪው ዙሪያውን ነው። ከዚያ ውጪ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ፤ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች ከአንድ ጎን መጥተው በሌላው ሲያልፉ የኮቴው ድምፅ አለ፤ በጣና ላይ የታንኳ መቅዘፊያ አለ። እነዚህ ሁሉ አቅጣጫ ያላቸው ድምፆች ናቸው። ከእነዚህም ጊዜ የማይሰጠው የሊቃውንቱ ነው፤ ፏፏቴውን በሚቀጥለው ክረምት መቅዳት ይቻላል፣ የአንድን አረጋዊ መምህር ድምፅ ግን እርሳቸው ሳሉ ብቻ ነው።

የራስዎ ጭንቅላት

ርካሹና ሦስቱንም ምልክቶች የሚይዘው መሣሪያ የራስዎ ጭንቅላት ነው። በጆሮ ቀዳዳ አፍ ላይ የሚቀመጡ ጥቃቅን ማይክሮፎኖች አሉ። ሮላንድ ሲኤስ-10ኢኤም የተባለው ማዳመጫና ማይክሮፎን በአንድ የያዘ ነው፤ የጀርመኑ ሳውንድማን ኦኬኤም የተባሉትን ለዓመታት ሲያቀርብ ቆይቷል፤ ከፍ ያለ ጥራት ለሚፈልግ የዴንማርኩ ዲፒኤ 4560 በጆሮ ላይ በሚንጠለጠል ሽቦ ሁለት 4060 ማይክሮፎኖችን ያስቀምጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በትንሽ የድምፅ መቅጃ 3.5 ሚሊ ሜትር መሰኪያ ይሠራሉ፤ መቅጃው ግን በዚያው መሰኪያ አነስተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሆን አለበት። ይህን ሳያረጋግጡ መግዛት የብዙ ሰው ችግር ነው፤ ማይክሮፎኑ ጤነኛ ሆኖ ድምፅ አይሰጥም።

የዚህ ምርጫ ትልቁ ጥቅም ለቦታው ያለው አክብሮት ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወይም ለቅሶ ቤት ማንም ሳይረበሽ መቅዳት ይቻላል፤ ፈቃድ መጠየቁ ግን አሁንም ግዴታ ነው፣ ማይክሮፎኑ ስለማይታይም ይበልጥ ግዴታ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ሰውነትዎ ነው። ምራቅ ሲውጡ ይሰማል፤ ራስዎን ወደ ግራ ሲያዞሩ ቅኔ ማኅሌቱ በሙሉ ወደ ቀኝ ይዞራል። አብረው ማዜም ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም።

ነጠላን በተመለከተ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ በየትኛውም የመሣሪያ መመሪያ አይገኝምና። ፀጉሯን በነጠላ የምትሸፍን ሴት ማይክሮፎኑን ጆሮዋ ላይ ብታደርግ የነጠላው ክር የማይክሮፎኑን ስፖንጅ በነካ ቁጥር ደረቅ ሽርሽርታ ይገባል። ራስ በጣም ትንሽ ቢንቀሳቀስ እንኳ ይሰማል፤ ደግሞም ከፍተኛውን ድግግሞሽ ነጠላው ይጋርደዋል። ነጠላውን ከጆሮ ጀርባ አሳልፎ ማሰር ሽርሽርታውን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጆሮን ለሰዓታት ገልጦ መቆም ለሁሉም ሰው በሁሉም ደብር የሚመች አይደለም። በዚህ ጊዜ ማይክሮፎኑን ከራስ አውርዶ ቀጥሎ በምገልጸው ሰሌዳ ላይ ማድረግ ይሻላል። ወንዶችም ጋቢ ተከናንበው የሌሊት ማኅሌት ሲቀዱ የሚገጥማቸው ይኸው ነው።

ሰሌዳውና ኳሱ

ስዊዘርላንዳዊው የድምፅ መሐንዲስ ዩርግ የክሊን ያወጣው ዘዴ ቀላል ነው። አቅጣጫ ሳይመርጡ ከየትም እኩል በሚሰሙ ሁለት ማይክሮፎኖች መካከል ድምፅ የሚመጥጥ ልባስ ያለበት ክብ ሰሌዳ ይቆማል። በመጀመሪያው አሠራር ሰሌዳው 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነበረው፣ በማይክሮፎኖቹም መካከል 16.5 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ በኋላ የክሊን ራሱ ሰሌዳውን ወደ 35፣ ርቀቱን ወደ 36 ሴንቲ ሜትር አሳድጎታል። ሰሌዳው የጊዜውንና የጥላውን ምልክት ይይዛል፤ የጆሮ እጥፋት ስለሌለው የላይና የታችን አይለይም።

ለማኅሌት ቀረጻ ከሁሉ የምመርጠው ይህ ነው፤ ምክንያቴም ሦስት ነው። አንደኛ፣ የሰው መልክ የለውም። የቅኔ ማኅሌት መካከል ፊትና ጆሮ ያለው ምስል መሰል ነገር ማቆም የካህናቱንም የምእመኑንም ዓይን ይስባል፤ ለአንዳንዱም ነውር ነው። ክብ ሰሌዳ ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ይረሳል። ሁለተኛ፣ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ሳይሆን በተራ ድምፅ ማጉያም መልካም ይሰማል። ሙሉ የሁለት ጆሮ ቀረጻ በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ የግራው ድምፅ ወደ ቀኝ ጆሮ፣ የቀኙም ወደ ግራ ስለሚያልፍ አቅጣጫው ይበላሻል፤ የሰሌዳው ቀረጻ ያን ያህል አይጎዳም። ሦስተኛ፣ እዚሁ ይሠራል።

አሠራሩን ልንገራችሁ። አናጢ ዘንድ ከኮምፔንሳቶ 35 ሴንቲ ሜትር ክብ ያስቆርጡ፤ ሁለቱንም ፊት በስፖንጅ፣ ከዚያም በበግ ፀጉር ጨርቅ ያልብሱት። አሮጌ ባና ካለ እሱን የሚያህል የለም፤ ወፍራም ነው፣ ከፍተኛውን ድግግሞሽም በደንብ ይመጥጣል። ልባሱ ጠርዙን ተሻግሮ ይታጠፍ፤ ባዶ የእንጨት ጠርዝ ድምፁን ይመልሰዋል። በመሐሉ አንድ ቀጭን ዘንግ አሳልፈው በእያንዳንዱ ጎን ከሰሌዳው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ማይክሮፎን ያስሩ፤ የማይክሮፎኑ አፍ ትንሽ ወደ ውጭ ይዙር። ለማይክሮፎንነት የጃፓኑ ፕሪሞ ኢኤም 272 ካፕሱል፣ ማለትም ድምፁን የሚቀበለው ትንሽ ፍሬ፣ ጥሩ ነው። የራሱ ጉምጉምታ፣ ማለትም ጸጥታ ውስጥ ራሱ የሚፈጥረው ድምፅ፣ 14 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ ጸጥ ባለ የቅኔ ቤት ሌሊት እንኳ የየኔታን ዝቅ ያለ ድምፅ አይሸፍነውም። መሸጥ የሚችል የሬዲዮ ጠጋኝ ገመዱን ያገናኝልዎታል።

ከሰሌዳው ከፍ ያለ ነገር የሚፈልግ ሰው የጀርመኑን ማይክሮፎን ሠሪ የሾፕስን ኬኤፍኤም 6 ይመልከት። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ ኳስ ነው፤ ማይክሮፎኖቹ በገጹ ላይ በግራና በቀኝ ተቀብረዋል። የኦርኬስትራ ቀራጮች ይወዱታል። ለእኛ ሥራ ከባናው ሰሌዳ የሚበልጥበት መጠን የዋጋውን ያህል ነው ብዬ ግን አልመክርም።

ጆሮ ያለው ሣጥን

ስሪዲዮ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሚሠራው ፍሪ ስፔስ ጭንቅላት የለውም፤ አንድ ትንሽ ሣጥን ግራና ቀኝ የሲሊኮን ጆሮ ለብሶ ይቆማል። የጊዜውንና የእጥፋቱን ምልክት ይይዛል፤ የጭንቅላት ጥላ ግን በከፊል ብቻ ነው። ለዚህም ነው ጆሮው ሥር ሲያንሾካሹኩለት እጅግ አስደናቂ የሆነው፣ ሩቅ ያለን ነገር ሲቀዳ ደግሞ ያን ያህል የማይለየው። ተራው በባትሪ ይሠራል፤ ከፍ ያለው የዲፒኤ ማይክሮፎኖች አሉት፣ ዋጋውም በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ተረት ለልጆች በድምፅ ለሚያቀርብ፣ ግጥም ወይም ትረካ ከአድማጭ ጆሮ ሥር ሆኖ ማንበብ ለሚፈልግ ሰው ደስ የሚል መሣሪያ ነው። ለማኅሌት ወይም ለፈረስ ጉግስ አልመርጠውም።

ሙሉው ጭንቅላት፦ ኖይማን ኬዩ 100

ድምፅን ለሁለት ጆሮ ለየብቻ የማድረስ ሐሳብ ያረጀ ነው። ክሌማን አዴር በ1881 በፓሪስ የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ላይ የኦፔራ ድምፅ በሁለት ስልክ ለሁለት ጆሮ አሰምቷል። የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች በ1933 በቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርኢት ኦስካር ያሉትን አሻንጉሊት አቅርበዋል። የጀርመኑ ማይክሮፎን ሠሪ ኖይማን በ1973 ኬዩ 80ን ይዞ ወጣ፤ ቀጥሎ ኬዩ 81፣ በ1992 ደግሞ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ኬዩ 100 መጣ።

ኬዩ 100 ከአንገት በላይ ብቻ ነው፤ ትከሻ የለውም። ክብደቱ 3.5 ኪሎ ግራም ነው። የራሱ ጉምጉምታ 16 ዴሲቤል፣ የሚችለው ከፍተኛ ድምፅ 135 ዴሲቤል ስለሆነ ከበሮ አጠገቡ ቢመታም አይደናገጥም። ፋንተም በሚባለው፣ መቅጃው በማይክሮፎኑ ገመድ በሚልከው 48 ቮልት፣ ወይም በባትሪ ይሠራል፤ መብራት በሚቋረጥበት ቦታ የባትሪው ነገር ትልቅ ጥቅም ነው። ከሁሉ በላይ ግን ከኬዩ 81 ጀምሮ የተወሰደው የድምፅ ማስተካከያ ነው። ከየአቅጣጫው እኩል በሚመጣ ድምፅ አማካይ ላይ ተስተካክሎ ስለተሠራ ቀረጻው በጆሮ ማዳመጫ ተፈጥሯዊ ይሆናል፤ በድምፅ ማጉያም ሳይጮህና ቀለሙ ሳይበላሽ ይሰማል።

ዋጋው ግን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ የውጭ ምንዛሪውና ጉምሩኩ ሲጨመርበት የአንድ ትንሽ ስቱዲዮ ሙሉ በጀት ይበላል። ለፊልም ድምፅ ወይም ለውጭ ገበያ የሙዚቃ ሥራ የሚጠቀም ቋሚ ደንበኛ ያለው ስቱዲዮ ቢገዛው ይገባኛል። የሊቃውንት ድምፅ ለማስቀመጥ ለተሰበሰበ ማኅበር ግን በዚያ ገንዘብ በርካታ ሰሌዳ፣ መቅጃና የፋይል ማስቀመጫ ገዝቶ በየወረዳው ማሰማራት ይበልጣል። አንድ ውድ ጭንቅላት በአንድ ሌሊት አንድ ደብር ብቻ ነው የሚገኘው።

የልብስ መሸጫ አሻንጉሊት ጭንቅላት ተጠቅመው የራሳቸውን የሚሠሩም አሉ። ይቻላል፤ ሁለት ነገር ይታረም እንጂ። የላስቲክ ጭንቅላት ባዶ ስለሆነ እንደ ቅል ያስተጋባል፤ ውስጡ በጥጥና በስፖንጅ ተጠቅጥቆ መሞላት አለበት። ጆሮውም ለውበት እንጂ ለድምፅ ስላልተቀረጸ ተቆርጦ በሲሊኮን ጆሮ ይተካ። ይህ ካልሆነ ሰሌዳው በግማሽ ድካም የተሻለ ይሰጥዎታል።

ማንኛውም ሰው ሠራሽ ጭንቅላት የማያመልጠው አንድ ችግር አለ። ልክ ከፊት ለፊት ያለው ድምፅ አድማጩ ጭንቅላት ውስጥ ወይም ከኋላው ያለ ይመስላል። የጭንቅላቱ ጆሮ የአድማጩ ጆሮ አይደለም፤ አድማጩም ራሱን ቢያዞር ድምፁ አብሮት ይዞራል። ስለዚህ ባለቅኔውን ወይም ተራኪውን ከፊት ለፊት አያቁሙት፤ ወደ አንዱ ጎን ትንሽ ዘንበል ያድርጉት። ቢንቀሳቀስ ደግሞ እሰየው፤ የሚንቀሳቀስ ድምፅ አቅጣጫው በቀላሉ አይጠፋም።

ለፍተሻ የተሠሩት

አሁን ወደ ሁለተኛው ቤት እንሻገር። ኬማር የተባለው አካል በአሜሪካ ኖውልስ ድርጅት በ1972 የወጣ ነው፤ ለመስሚያ መርጃ ምርምር ታስቦ በአማካይ የሰው መጠን ከነትከሻው ተሠራ። ዛሬ የሚያመርተው የዴንማርኩ ጂራስ ነው። የሌላው የዴንማርክ ድርጅት፣ የብሩኤልና ኬር፣ 4128 እና ከእርሱ በኋላ የመጣው 5128 አሉ። በጀርመን ደግሞ ክላውስ ገኑይት በ1986 የመሠረተው ሄድ አኩስቲክስ የራሱን ጭንቅላቶች ይሠራል፤ የመኪና ውስጥ ድምፅን ለመመርመር በሰፊው ይሠራባቸዋል። ለስልክ ፍተሻ የሚሆኑት ሰው ሠራሽ አፍም አላቸው፤ ራሱ ተናግሮ ራሱ ይሰማል።

እነዚህ በመልክ ብቻ ሳይሆን በውል የሚመሳሰሉ ናቸው። አይቲዩና አይኢሲ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያወጡ ድርጅቶች ናቸው፤ አይቲዩ-ቲ ፒ.58 የራስና የትከሻውን ጠባይ፣ ፒ.57 የሰው ሠራሽ ጆሮውን ይወስናሉ፤ አይኢሲ 60318-7 ደግሞ ለመስሚያ መርጃ መለኪያ ነው። አንድ ላቦራቶሪ ባሕር ዳር ላይ ያወጣውን ቁጥር ሌላው በርሊን ላይ ካወጣው ጋር የሚያስተያየው ይህ ውል ነው። የሚከፈለው ትልቅ ገንዘብ ለጎማውና ለብረቱ አይደለም፤ ለዚህ መተማመኛ ነው።

ታዲያ ይህን ውድ መሣሪያ ገዝተው ለምን ዜማ አይቀዱበትም? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመለኪያ ጭንቅላት ውስጥ የጆሮ ቱቦና የታምቡር አምሳያ አለ። የሰው ጆሮ ቱቦ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም 3 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። በዚያ ጭንቅላት የተቀዳ ዜማ አንድ ጊዜ በሰው ሠራሹ ቱቦ አልፏል፤ አድማጩ ማዳመጫ ሲያደርግ ደግሞ በራሱ ቱቦ ሁለተኛ ያልፋል። ውጤቱ ጆሮ የሚወጋ፣ ጸናጽሉ የሚያቃጭል ቀረጻ ነው። በኮምፒውተር ማስተካከል ይቻላል፤ ግን የማስተካከያ መረጃው በትክክል ካልታወቀ ሥራው ግምት ይሆናል። የቀረጻ ጭንቅላቶች ማይክሮፎኑን ቱቦው አፍ ላይ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

ርካሽ አማራጭም አለ። ሚኒዲኤስፒ ኢርስ የተባለው ሁለት የሲሊኮን ጆሮ ያለው መቆሚያ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛል፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ የማስተካከያ ፋይል አለው። ሱቅ ያለው ነጋዴ ሁለት የጆሮ ማዳመጫዎችን እርስ በርስ ለማወዳደር፣ የግራና የቀኝ ጎናቸው እኩል መሆኑን ለማየት ይበቃዋል። በዚህ የወጣን መስመር በኬማር ከወጣ መስመር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ መፍረድ ግን ስሕተት ነው፤ ውላቸው አንድ አይደለም።

ለደጋው ላቦራቶሪ አንድ ማሳሰቢያ

ጎጃም ከባሕር ጠለል ከፍ ያለ አገር መሆኑ በመለኪያ ላይ ይታያል። ፒስተንፎን የተባለው፣ መጠኑ የታወቀ ድምፅ እየሰጠ ማይክሮፎንን የሚያመሳክር ዕቃ፣ በ250 ኸርዝ 124 ዴሲቤል ያህል ይሰጣል ሲባል በባሕር ጠለል የአየር ግፊት፣ ማለትም በ1,013 ሄክቶ ፓስካል ነው። የሚሰጠው ድምፅ ከአየሩ ግፊት ጋር አብሮ ይወርዳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ልዩነቱ ወደ 2 ዴሲቤል ይጠጋል፤ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነችው ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2.5 ያህል ይደርሳል። ከዕቃው ጋር የሚመጣውን የግፊት መለኪያ አይቶ ያላረመ ሰው የሚያወጣው ቁጥር ሁሉ በዚያ መጠን ይዛባል። በኤሌክትሮኒክስ ራሱን የሚቆጣጠር፣ በ1 ኪሎኸርዝ 94 ዴሲቤል የሚሰጥ ካሊብሬተር (ሌላው ዓይነት ማመሳከሪያ) ለከፍታ ያለው ተጋላጭነት በጣም ያነሰ ነው። ለእኛ አገር ላቦራቶሪ ይህኛው እንዲገዛ እመክራለሁ፤ ፒስተንፎኑ ካለም የግፊት መለኪያው ከሣጥኑ እንዳይለይ።

የድምፅ ጥራት ለመፈተሽ ሁልጊዜ ጭንቅላት ያስፈልጋል ማለትም አይደለም። ጥያቄው «ይህ የታመቀ ፋይል ከዋናው ምን ያህል ወርዷል?» ከሆነ መልሱ ያለው ሰው ዘንድ ነው። በአይቲዩ-አር ቢኤስ.1534 የተቀመጠው ሙሽራ የሚሉት የማዳመጥ ፈተና ዋናውን ቅጂ ደብቆ ከሌሎቹ ጋር ያቀርባል፤ ሆን ተብሎ ከ3.5 ኪሎኸርዝ በላይ የተቆረጠ ደካማ ቅጂም ይቀላቀላል። አድማጩ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ከ0 እስከ 100 ይሰጣል። ጥሩ ማዳመጫ፣ ጸጥ ያለ ክፍልና ታጋሽ ተማሪዎች ካሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በነገው ቀን ሊጀመር ይችላል። የስልክ ንግግር ጥራት ሲሆን ደግሞ ፖልካ የሚባለው የፒ.863 ስሌት አለ፤ የላኩትንና የደረሰውን ድምፅ አወዳድሮ ነጥብ ይሰጣል።

እንግዲህ ምርጫው

ማኅሌትና ቅኔ ለመቅዳት ለተነሡ፦ የባና ሰሌዳውና ፕሪሞ ካፕሱሎቹ፣ ከአንድ ጥሩ መቅጃ ጋር። ብቻዎን ተጉዘው ገበያ፣ ፏፏቴ፣ የፈረሰኞች በዓል ለመቅዳት፦ በጆሮ የሚደረጉት፤ ከነፋስ የሚከላከል ፀጉራም ልባስ አይለያቸው። ለትረካና ለልጆች ተረት፦ ጆሮ ያለው ሣጥን። ለጆሮ ማዳመጫ ነጋዴ፦ የዩኤስቢ መቆሚያው። ኬማርና መሰሎቹ የዩኒቨርሲቲና የተቋም ዕቃዎች ናቸው፤ ግለሰብ ባይሞክራቸው ይሻላል። ሥራዎ የሚተላለፈው በኤፍኤም ሬዲዮ ሆኖ አብዛኛው አድማጭ በአንድ ድምፅ ማጉያ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ ይተውት። ሁለቱ ጎኖች ሲደመሩ የተራራቁ ማይክሮፎኖች ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ለሬዲዮው አንድ ቅርብ ማይክሮፎን ለብቻው ያዘጋጁ።

ምርጫው የትኛውም ቢሆን መቅጃው ላይ ጥቂት ነገር ሳይደረግ መሣሪያው ዋጋ የለውም። ድምፅን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ማስተካከያ ይጥፋ፤ እሱ ካለ የጥላው ምልክት ይበላሻል። የግራና የቀኙ መጠን እኩል ተደርጎ ይቆለፍ። ፋይሉ በዋቭ፣ በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ይቀመጥ፤ ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀው የታመቀው ቅጂ ይሁን እንጂ ዋናው እንዳለ ይቆይ። የሚለቀቀውም «በጆሮ ማዳመጫ ይስሙ» የሚል ማሳሰቢያ ከላዩ ይኑረው። በክረምትና በጣና ዳር ማይክሮፎኖቹ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ከእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር ይደሩ፤ እርጥበት የገባው ካፕሱል ይንጣጣል።

ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት የሲሊኮን ጆሮውን አጠፍ አድርገው ስንጥቅ እንዳለው ይዩ፤ ጸጥ ባለ ክፍል ቀድተው የሁለቱ ጎን ጉምጉምታ እኩል መሆኑን ያዳምጡ፤ የቀኙን ጆሮ በጣትዎ እየነኩ ድምፁ በቀኝ መግባቱን ያረጋግጡ። ከዚያ ስልክዎን አንድ ሜትር ያህል ርቆ ልክ ከፊቱ አስቀምጠው ንግግር ያጫውቱ። ድምፁ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ጭንቅላቱን ባለበት ፊቱን ወደ ኋላ አዙረው ይድገሙት። ማጋደሉ ወደ ሌላው ጎን ከተዛወረ ችግሩ የስልኩ አቀማመጥ ነው፤ በዚያው ጎን ከቀረ ግን አንደኛው ማይክሮፎን ደክሟልና ሻጩ ያንን አስቦ ዋጋውን ይቀንስ ወይም ዕቃውን መልሶ ይውሰድ።